ያልታጨደው ጥግ

ከአዳማ የተነሣው ሚኒባስ አዋሽን በመልካሳ ተሻግሮ ዴራን እስኪያልፍ ገና ቆላ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል። ኢተያ ላይ አየሩ ይለወጣል። እናቶች ነጠላቸውን ይሰበስባሉ፣ ከኋላ ወንበር «እባክህ ያንን መስኮት ዝጋው» የሚል ድምፅ ይመጣል። እኔ ደግሞ መክፈት የምፈልገው ልክ እዚያ ላይ ነው። ኅዳር ሲጋመስ ከኢተያ እስከ ጎንዴ፣ ከጎንዴ እስከ ቁሉምሳ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ የሚሄድ ሽታ አለ፤ ፀሐይ ያደረቀው የስንዴ አገዳ፣ የተሰባበረ ገለባ፣ ጤዛው ገና ያልለቀቀው ጥቁር አፈር። አሁን አሁን የናፍጣ ጭስ ተቀላቅሎበታል። ቢሆንም ያው ሽታ ነው፤ አፍንጫዬ ሲነካው አሰላ ሳልደርስ እማማ ማሳ ውስጥ እደርሳለሁ።

ባለፈው ኅዳር በዚያ መንገድ ስወጣ፣ ጎንዴን እንዳለፍን ሾፌሩ ሰው ለማውረድ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ባለ ማሳ ኮምባይነር እያጨደ ነበር። ድሮ አንድ መንደር ደቦ ወጥቶ በቀናት የሚጨርሰውን ሥራ በሰዓታት ያነሣዋል። ነገር ግን ኮምባይነር ጥግ ላይ ይቸገራል። የፊት ማጨጃው ሰፊ ስለሆነ፣ ሲዞር በየማዕዘኑ ጥቂት ጥቂት ስንዴ ቆሞ ይቀራል። ያንን የቆመ ስንዴ ሳይ ልቤ ሞቅ አለ። ወዲያው ግን ማጭድ የያዙ የቀን ሠራተኞች ወደየጥጉ ሄዱ፤ ባለ ማሳው እየጠቆመ ያሳያቸዋል፣ እነሱም እስከ ወሰኑ ድረስ ጠርገው አጨዱት። ከቦዩ ወዲህ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ባዶ ጆንያ የያዙ ሴቶችና ልጆች ተቀምጠው ነበር። የሚጠብቁት ቃርሚያ ነው። ሚኒባሱ ተነሣ፤ እኔ ግን ዓይኔ እዚያው ቀረ።

የእኛ ማሳ ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። 4,000 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ጀርባችን ላይ ቆሟል፤ ጠዋት ፀሐይዋን ይዞ ያቆይብናል። በአጨዳ ወቅት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ የማጭዱ ብረት እጅ ያቆረፍዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ በስተምዕራብ፣ ቁልቁል፣ ዝዋይ ሐይቅ ያብለጨልጫል። የገብሱ ሹል ፀጉር አንገታችን ውስጥ እየገባ ቀኑን ሙሉ ያሳክከናል። ትልልቆቹ ተሰልፈው ያጭዳሉ፣ ከኋላቸው ነዶ የሚያስሩ ይከተላሉ፣ ከነሱ ኋላ ደግሞ እኛ ልጆች የወደቀ ዛላ እንለቅማለን። የእኛ ቦታ መጨረሻ ነው ማለት ነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከእኛም ኋላ ግን ሰው ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት የአርሲ ኦሮሞ ሴት፣ ሙስሊም፣ የማሳ ጎረቤታችን፤ «አዴ» እንላታለን። ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ትመጣለች። እማማ (አያቴን እንደዚያ ነው የምንጠራት) ገና ከሩቅ ስታያት «ኮቱ፣ አዴ፣ ኮቱ» (ነይ፣ አዴ፣ ነይ) ብላ ትጣራለች። ከዚያ ወደኛ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እጃችሁን አላሉ» ትለናለች። አላሉ ማለት ዛላ ስትለቅሙ ሁሉንም አታንሱ፣ አንዳንዱ ይውደቅ ማለት ነው። አሳሪዎቹንም በዓይኗ ትጠቅሳቸዋለች፤ ነዶው ትንሽ ላላ ብሎ ይታሰራል። ከቀትር በኋላ ማሳው ሲያልቅ በላይኛው ወሰን በኩል ያለው ጥግ፣ ድንጋይ ክምሩ አጠገብ፣ ሳይታጨድ ይቀራል። ማንም ረስቶት አልነበረም። በማግስቱ ስንመጣ ግን ታጭዶ እናገኘዋለን። ማን አጨደው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እማማ ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ነውር ነበር።

ይህን የምትሠራው ሞልቶ ስለተረፋት አይደለም። ዘመኑ የደርግ ማብቂያ ነው። ለመንግሥት የሚገባ የእህል ኮታ አለ፤ ኮታው ሳይሞላ ገበያ መውጣት አይቻልም። በመንደር ምሥረታው ቤቷን አፍርሳ ሌላ ቦታ ሠርታለች። ጎተራዋ እስከ አፉ ሲሞላ አይቼ አላውቅም። ይሁንና በሬዎቹ አውድማ ላይ ሲያበራዩ አፋቸው እንዲታሰር አትፈቅድም፤ እህል ሲሰፈር ቁናውን በመዳፏ አትጠርገውም፤ ጥጉንም አታስነካም።

ማታ በኩራዝ ብርሃን መጽሐፍ ቅዱስ አነብላት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣውን፣ ጥቁር ልባስ ያለውን ትልቁን። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ዳዊቱን ከመስማት ብዛት ታውቀዋለች፤ ስሳሳት ታርመኛለች። አንድ ሰሞን ከኦሪት ዘፍጥረት ተነሥቼ እስከ መጨረሻው ልዝለቅ ብዬ ተሳልኩና ዘሌዋውያን ላይ ደረስኩ። የመሥዋዕቱ ስብና ኩላሊት፣ የለምጹ ምርመራ ብዙ ማታ ወሰደብን። እማማ ምሰሶውን ተደግፋ ታንቀላፋለች፤ ከንባቡ ይልቅ የእሳቱ መንጣጣት ይሰማል። 19ኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ነቃች። እግዚአብሔር በሙሴ አማካይነት ለሕዝቡ፣ እርሻችሁን ስታጭዱ ዳር ዳሩን አትጨርሱ፣ የወደቀውንም አትልቀሙ፣ ለድኻና ለመጻተኛ ተዉት የሚልበት ቦታ ነው። ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ደገምኩት። ከዚያ ተገርማ፣ «ይሄ መጻፍ ነበረበት?» አለች።

ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ጥያቄ በላይ የዘለቀኝ ጥቂት ነው። እሷ የምትሠራው ሁሉ ሰው የሆነ የሚሠራው መስሏት ነበር። ሕግ ሆኖ መውጣቱ፣ ሰው ካልታዘዘ እንደማያደርገው ማሳየቱ፣ አሳዘናት። እኔ ደግሞ ያን ማታ የገባኝ ሌላ ነው፤ ያ ጥግ መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ ነው የገባኝ።

ካደግሁ በኋላ ያንን ምዕራፍ እየተመላለስኩ አነበብኩት። የማሳው ጥግ ትእዛዝ ቁጥር 9 እና 10 ላይ ነው። ቁጥር 13 የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እስከ ነገ ጠዋት አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ቀጥሎ ደንቆሮውን አትስደብ፣ ዕውሩ ፊት እንቅፋት አታኑር፣ ለድኻም ለባለጠጋም ሳታዳላ ፍረድ የሚሉት ይመጣሉ። ቁጥር 18 ላይ ሲደርስ ጌታችን በወንጌል ከታላላቆቹ ሁለት ትእዛዛት አንዱ ያደረገው ቃል ይገኛል፤ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ። ፍቅር በዚያ ምዕራፍ የሚጀምረው ከልብ ስሜት አይደለም፤ ከማሳ ጥግ ተነሥቶ፣ በደመወዝ በኩል አልፎ፣ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስሙ የሚጠራው። እኛ ግን ስሙን ብቻ ይዘን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን።

23ኛው ምዕራፍ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ምዕራፉ የበዓላት ቀመር ነው፤ ሰንበትን፣ ፋሲካን፣ የበኩራቱን ነዶ፣ በዓለ ኀምሳን በየተራ ይደነግጋል። በዓለ ኀምሳን ጨርሶ ወደ መለከቱ በዓል ሊሻገር ሲል፣ ቁጥር 22 ላይ፣ የማሳው ጥግ ትእዛዝ ድንገት መሐል ይገባል። ስለ ቅዳሴ ሲነገር ስለ ቃርሚያ ምን አመጣው? እኔ የሚመስለኝ፣ እግዚአብሔር ያንን በዓል ያለዚያ ጥግ አይቀበለውም። አይሁድ እስከ ዛሬ በዚያ በዓል መጽሐፈ ሩትን ያነባሉ። ሩት ሞዓባዊት ናት፤ አገሯ ሌላ፣ ዘሯ ሌላ። ቦዔዝ ቃርሚያ እንዳትከለከል ካዘዘ በኋላ፣ አጫጆቹን ለብቻቸው ጠርቶ ከነዶው ዛላ እየመዘዙ ሆን ብለው እንዲጥሉላት፣ እንዳይገሥጿትም ነገራቸው። ያን ቀን ቁና ገብስ ሰፍሮ እጇ ላይ ሊያደርግላት ይችል ነበር። አላደረገም፤ በጉልበቷ ለቅማ፣ ቀና ብላ፣ የራሴ ነው ብላ ወደ አማቷ እንድትገባ ፈለገ። ከዚያች ቃርሚያ ለቃሚ የዳዊት አያት ተወለደ፤ ማቴዎስም የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ስሟን አልዘለለውም። እማማ ይህን ታሪክ ስትሰማ ስለ ቦዔዝ ብዙ አልተናገረችም። «አጫጆቹ ደጎች ናቸው» ነው ያለችው። እጃቸውን ያላሉት እነሱ ናቸውና።

ለምን እንደዚያ እንደምታስብ የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ከሞተች በኋላ እናቴ ነች። በንጉሡ ዘመን እማማና ባሏ ጭሰኞች ነበሩ፤ ከሚያገኙት እኩሌታው ለባለ መሬቱ ይገባል። በ1960 ዓ.ም. ካዱ፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ጭላሎ አውራጃ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር ይዞ መጣ፤ ዛሬ አርሲ የስንዴ አገር ሲባል መሠረቱ እዚያ ነው፣ ከቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሚወጣው ዘርም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ነገር ግን ምድሩ መስጠት ሲጀምር ለባለ መሬቶቹ ከጭሰኛ ይልቅ ትራክተር አዋጣቸው። ብዙ ጭሰኛ ከነልጁ ተነሣ፤ እማማም ተነሣች። ከዚያ በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እስኪሆን ድረስ፣ ድሮ ራሷ ታጭድበት ወደነበረ ምድር በየኅዳሩ እየሄደች ቃርሚያ ትለቅም ነበር። አንዳንዱ ቦታ ይፈቀድላታል፣ አንዳንዱ ቦታ ውሻ ይለቀቅባታል።

ኢሳይያስ በ5ኛው ምዕራፍ ማሳ በማሳ ላይ እየጨመሩ ሌላውን መቆሚያ ስለሚያሳጡ ሰዎች የተናገረውን ወዮታ ሳነብ ኢየሩሳሌም አትታየኝም፤ የሚታየኝ ቀይ ትራክተርና ዕቃዋን በአህያ የጫነች ወጣት ሴት ናት። ዘዳግም 24 ላይም የተረሳ ነዶ ለመውሰድ አትመለስ ከሚለው ቀጥሎ ምክንያቱ ተጽፏል፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ይላል። ማን ደኸየ፣ ማን ሰነፈ የሚል ምርመራ የለበትም። ትዝታህን አትጣል ነው ነገሩ። እማማ ግብፅን የት እንዳለች አታውቅም፤ ግብፅ ምን እንደሆነች ግን ታውቃለች። በዚያ ዳገት ላይ የሚቀረው ጥግ ለአዴ ብቻ አልነበረም ብዬ አስባለሁ። ለዚያች ዕቃዋን በአህያ ለጫነች ሴትም ነበር።

ስለ እማማ ሳነሣ ሰፌዷ ትዝ አለኝና፣ ስለ እንክርዳድም ላንሣ። እማማ ዱቄት ከማስፈጨቷ በፊት ስንዴውን ሰፌድ ላይ ዘርግታ እንክርዳዱን አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ ከዳቦው ጋር ከተበላ ራስ ያዞራል። «ለምን ማሳው ላይ ነቅላችሁ አልጨረሳችሁትም?» ብዬ ብጠይቃት ሳቀች። ዛላ ሳያወጣ ከስንዴው አይለይም፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሥሩ ከሥሩ ተጠላልፏል። ዛሬ ገበሬው ቱ ፎር ዲ ይረጫል፤ ያ መድኃኒት ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ያጠፋል እንጂ እንክርዳድን አይነካም፤ እንክርዳድ እንደ ስንዴው ሣር ነውና። በማቴዎስ 13 ባለቤቱ አገልጋዮቹን እስከ መከር አብረው ይደጉ ያላቸው እርሻ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። በአገራችን ሰው ሰውን በሃይማኖቱ፣ በቋንቋው፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ እምነት ውስጥ በዝማሬው ስልት እየለየ ልንቀለው ሲል ያንን ሰፌድ አስባለሁ። እማማ የእንክርዳድ ለቀማዋን የራሷ ሰፌድ ላይ ነው የምትሠራው፤ የአዴ ማሳ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ረመዳን ሲገባ ወተት ትልክላታለች፤ ለፋሲካ ከአዴ ቤት ቅቤ ይመጣል።

አሰላ አድጋለች። ልጅ ሳለሁ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከዚህ ወጥቶ ዓለምን ሲያስደንቅ በየሜዳው ደብተር በብብታችን ይዘን እንሮጥ ነበር፤ አሁን እሱን በሥራው የሚያውቀው ትውልድ አልፎ ሌላ መጥቷል። ፎቁ፣ ባጃጁ፣ ብቅል ፋብሪካው፣ ዩኒቨርሲቲው ከተማውን ሞልቶታል። አብያተ ክርስቲያናቱም በዝተዋል፤ እሑድ ጠዋት ከአራቱም ማዕዘን ድምፅ ማጉያ ይሰማል። በዚያ የኅዳር ጉዞዬ ሰሞን በሰማኋቸው ስብከቶች መከር በብዛት ይነሣል። ዘር ዝራ፣ መቶ እጥፍ ታገኛለህ፤ መከርህ ደርሷል፤ ጎተራህ ይሞላል። አሜን ይባላል። ጎተራው ከሞላ በኋላ ምን ይደረጋል የሚለውን ግን አልሰማሁም። በሉቃስ 12 ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ የሚሠራው ሰው በደል ሠርቶ ሀብት አላገኘም፤ ምድሩ ሰጠችው። የሚጠየቀው ስላገኘው አይደለም፤ ሲያስብ የነበረው ስለ ራሱ ብቻ መሆኑ ነው። ይህን የምለው በሰባኪዎቹ ላይ ለመፍረድ አይደለም። የስንዴ አገር ሰው ስለ መከር ሲሰበክለት ሙሉውን ይሰበክለት ነው የምለው፤ ግማሹ በረከት ከሆነ ግማሹ ጥግ ነው።

የአጎቴ ልጅ አሁን የእማማን ማሳ ያርሳል። ደግ ሰው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አይቀርም፣ አሥራቱን ያወጣል። ጥጉን ለምን በማጭድ እንደሚያስጨርስ ስጠይቀው አልተቆጣም፤ ቁጭ አድርጎ ሒሳቡን አሳየኝ። የማዳበሪያው ዋጋ ካቻምና የት ነበር፣ ዘንድሮ የት ደረሰ። ኮምባይነሩ በኩንታል ሒሳብ ይከፈለዋል፤ ደላላው አለ። ገለባው እንኳ ታስሮ ለከብት መኖ ይሸጣል፣ ሜዳው ላይ የሚቀር የለም። «ደግሞ ዋጉን አትርሳ ጋሼ» አለኝ። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ ሲገባ፣ ያኔ አብዛኛው ገበሬ የሚዘራው ኩብሳ የሚባለው ዘር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ማሳው እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፣ የሄደበት ሰው ሱሪው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። የዚያ ዓመት አባቱ ያጨደው ባዶ አገዳ ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ በጸለየው ጸሎት ውስጥ ዋግ ከረሃብና ከቸነፈር ጋር በስሙ ተጠርቷል። ያንን ያየ ሰው አንድ ዛላ ቢያሳሳው አልፈርድበትም።

ግን ጥያቄዬን አልተውኩም። በ200 ዓ.ም. አካባቢ የአይሁድ ሊቃውንት ያጠናቀሩት ሚሽና የሚባል የሕግ መጽሐፍ አለ፤ በውስጡ ስለ ማሳ ጥግ የሚናገር ሙሉ ክፍል ይገኛል። ኦሪት ለጥጉ ልክ አላበጀለትም ይላል፤ ቢሆንም ከ60 አንድ አይነስ ብለው ደነገጉ። ይህን ነገርኩት። ዘንድሮ ከሁለት ሄክታሩ ስንት እንደሚጠብቅ ጠየቅሁት።

«ስልሳ ኩንታል፣ እግዚአብሔር ካለ።»

«እንግዲያው አንድ ኩንታል ነው።»

አንገቱን ነቀነቀ። «አንድ ኩንታል ቀላል መሰለህ ጋሼ? የሁለቱን ልጆች የትምህርት ቤት ዕቃ ይሸፍናል።» እውነቱን ነው። ትንሽ ቆይቶ፣ «በአሥራቱ ላይ ልጨምረውና ቤተ ክርስቲያን ለሚቸግረው ትስጥ፤ አይሻልም?» አለኝ።

ሚስቱ ቡና እየቀዳች ታዳምጠን ነበር። «ቤተ ክርስቲያን የማትሄደውስ?» አለችው። «አዴ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር እንዴ? ደግሞ ስም ጽፎ፣ ተሰልፎ መቀበሉን ማን ይወደዋል።» ጀበናውን አስቀምጣ ማሳው ወዳለበት በእጇ አመለከተች። «በድንጋይ ክምሩ በኩል ያለውን እንተወው። በላይኛው መንገድ ስለሆነ የሚመጣ ሰው በእኛ ግቢ ማለፍ የለበትም። ኦፕሬተሩን ማክሰኞ ሲመጣ እኔ እነግረዋለሁ፤ አንተ ሠራተኞቹን ብቻ ያዝልኝ።»

«አንድ ኩንታል?» አላት።

«እዚያ ያለው ስንት እንደሆነ ማን ሰፍሮት ያውቃል» አለችው።